የሞዴል ባቡር የእንጨት ሕንጻ ኪት

የሞዴል ባቡር የእንጨት ሕንጻ ኪት በትንንሽ ሐዲድ ዳር የሚቆሙ ጣቢያዎችን፣ መጋዘኖችን፣ ሱቆችንና የእንጨት መሰንጠቂያዎችን በእጅ ለመሥራት የሚያገለግል፣ በሳጥን የሚሸጥ ያልተገጣጠመ የቁሳቁስ ስብስብ ነው። በአሜሪካ የሞዴል ባቡር ወዳጆች ዘንድ «የእጅ ባለሙያ ኪት» ይባላል። የፕላስቲክ ኪት ክፍሎች ቅርጻቸውን ይዘው ከፋብሪካ ስለሚወጡ ማጣበቅ ብቻ ሊበቃ ይችላል። በእንጨቱ ኪት ግን ብዙውን ክፍል የሚለካው፣ የሚቆርጠውና ቀለም የሚቀባው ሠሪው ራሱ ነው። ስሙ ጀማሪን ቢያስፈራም ሥራው ከልዩ ተሰጥዖ ይልቅ ትዕግሥትንና ቅደም ተከተልን መጠበቅን ይጠይቃል።

መጠን

በብዛት የሚሠራበት መጠን ኤች ኦ ሲሆን ከእውነተኛው ነገር 87 ጊዜ ያህል ያንሳል። በዚህ መጠን ቁመቱ 1.83 ሜትር የሆነ ሰው 21 ሚሊሜትር ብቻ ይሆናል፤ ስፋቱ 25 ሴንቲሜትር የሆነ ጣውላም ወደ 3 ሚሊሜትር ይወርዳል። በአሜሪካ ኦ የሚባለው መጠን 1፡48፣ ኤን የሚባለው ደግሞ 1፡160 ነው። ኦ ለጣት ይመቻል፣ ነገር ግን ሰፊ ቦታ ይፈልጋል።

ታሪክ

በካሊፎርኒያ ሞንቴሬይ ይኖር የነበረው ጆን አለን ያረጁ፣ ጥላሸት የለበሱና የተጎሳቆሉ ሕንጻዎችን በሞዴል ሐዲዱ ላይ በመሥራት ታዋቂ ሆነ። ከእርሱ በፊት አብዛኛው ሞዴል አዲስና ንጹሕ መስሎ ይሠራ ነበር። አለን በ1973 እ.ኤ.አ. ከሞተ ከጥቂት ቀናት በኋላ አብዛኛው ሥራው በእሳት ወድሟል። በ1967 እ.ኤ.አ. ጆርጅ ሴሊዮስ በማሳቹሴትስ ፋይን ስኬል ሚኒያቸርስ የተባለውን ድርጅት መሥርቶ፣ ይህን ያረጀ መልክ ማንም ገዝቶ በቤቱ ሊሠራው በሚችል ሳጥን አቀረበ። የራሱ ሞዴል ሐዲድ ፍራንክሊን ኤንድ ሳውዝ ማንቸስተር በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን የነበረውን የኒው ኢንግላንድ ከተማ ያሳያል።

እንዲህ ያሉ ኪቶች ብዙውን ጊዜ በጥቂት ብዛት ይዘጋጃሉ፤ ካለቁ በኋላ ዋጋቸው የሚወደድ አሉ። ስለዚህ ጀማሪው «ባበላሸውስ?» እያለ ሳጥኑን ሳይከፍት ለዓመታት መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል። ችግሩ ከእጁ ይልቅ ከምርጫው የሚመጣ ነው፦ የመጀመሪያው ኪት ውድና ትልቅ መሆን አልነበረበትም።

የመጀመሪያው ኪት

ለመጀመሪያ ጊዜ አራት ግድግዳና ሁለት ተዳፋት ያለው ተራ ጣራ የሚበቃው፣ ከመዳፍ ብዙ የማይበልጥ የዕቃ ቤት ወይም የመንገደኛ መጠለያ ይመረጣል። ብዙ ጣራዎች የሚገናኙበት የእንጨት መሰንጠቂያ ለኋላ ይቆይ። በሳጥኑ ውስጥ ስስ የግድግዳ ጣውላ፣ ቀጫጭን የእንጨት ዘንጎች፣ መስኮትና በር፣ ከለስላሳ ብረት ወይም ከጄሶ የተቀረጹ በርሜሎችና ሳጥኖች፣ የወረቀት ማስታወቂያዎችና ንድፍ ይገኛሉ። በቆዩ ኪቶች ሠሪው ዘንጉን በንድፉ ላይ አስተኝቶ እየለካ ይቆርጣል፤ በሌዘር በተቆረጡት ግን ክፍሎቹ ከወረቀት እንደሚገነጠሉ ያህል ተዘጋጅተው ይመጣሉ። ለጀማሪ የሌዘሩ ይሻላል፣ ምንም እንኳ ሌዘሩ ያጠቆረው ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት መጥራት ወይም በቀለም መሸፈን ቢኖርበትም።

መሣሪያው ጥቂት ነው፦ ስለታም ቢላ፣ የብረት ማስመሪያ፣ እስኳድራ፣ ወረንጦ፣ ብርጭቆ ወረቀትና ነጭ የእንጨት ኮላ። ለብረት ክፍሎች ሱፐር ግሉ ያስፈልጋል። የደነዘዘ ምላጭ እንጨቱን ከመቁረጥ ይልቅ ስለሚጨፈልቀው ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። አንድ ጊዜ በኃይል ከመጫን ቀለል አድርጎ ደጋግሞ መሳብ ለእንጨቱም ለጣትም ይበጃል።

የግድግዳ መጣመም

የጀማሪን ሥራ ከምንም በላይ የሚያበላሸው የግድግዳ መጣመም ነው። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ የሚያብጠውም በርዝመቱ ሳይሆን በአብዛኛው በወርዱ ነው። አንድ ሚሊሜትር ተኩል በሚያህል ጣውላ አንድ ገጽ ላይ ብቻ በውኃ የተበጠበጠ ቀለም ቢቀባ፣ የረጠበው ገጽ ሲሰፋ ሌላው ባለበት ይቀራልና ግድግዳው እንደ ቅርፊት ይቆለመማል። መፍትሔው ከመቀባት በፊት በግድግዳው ጀርባ፣ ከጭረቱ አቅጣጫ ጋር በሚያቋርጥ መልኩ፣ ደጋፊ ዘንጎችን ማጣበቅ ነው። ዘንጎቹ ጫፍ ድረስ አይደርሱም፤ ከደረሱ ጎረቤት ግድግዳ የሚገጥምበትን ቦታ ይይዛሉ። ከዚያ ሁለቱም ገጽ ይቀባል፣ ግድግዳውም ከባድ ነገር ተጭኖበት ይደርቃል።

ያረጀ፣ ግራጫ የሆነ እንጨት መልክ ለማምጣት ጥቂት ጠብታ ጥቁር የጽሕፈት ቀለም በአልኮል በጥብጦ መቀባት የቆየ ዘዴ ነው። አልኮል ቶሎ ስለሚተን ከውኃ ያነሰ ያጣምማል፤ እሳት በሌለበትና አየር በሚዘዋወርበት ክፍል ግን መሠራት አለበት። የድምቀቱ መጠን አስቀድሞ በትርፍ ቁራጭ ላይ ይሞከራል።

ለመታየት የሚተዉ ዘንጎችና የጠርዝ ጣውላዎች ከመጣበቃቸው በፊት ይቀለማሉ። ኮላ የነካው እንጨት ቀለሙን አይጠጣም፤ በኋላ በየመጋጠሚያው የነጣ ነጥብ ይወጣል፣ ያንን ማስተካከልም ከባድ ነው።

ግድግዳዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው በእስኳድራ ማዕዘናቸው ተጠብቆ ይጣበቃሉ፣ ቀጥሎ ሁለቱ ግማሾች ይገናኛሉ። የጣራው ስስ የእንጨት ቁራጮች ከታች ከጠርዙ ተጀምሮ ወደ ላይ ይደረደራሉ፤ የላይኛው ረድፍ የታችኛውን እየደረበ ይሄዳል፣ ልክ በእውነተኛ ቤት ዝናብ እንዲወርድ እንደሚደረገው። አንድ ሁለት ቁራጭ ማጉደል ወይም ማዘንበል ለአሮጌ ቤት ያምርበታል፣ ሲበዛ ግን ቀልድ ይመስላል።

ሕንጻው በሐዲዱ ዳር ሲተከል በግድግዳው ሥር የብርሃን ክፍተት ከታየ ተንሳፋፊ ይመስላል፤ ስለዚህ መሠረቱ ዙሪያ ደቃቅ አፈርና የሣር ምስል ይነሰነሳል፣ በቀጭን ኮላም ይያዛል።