ጥማድ፦ ጥንድ በሬም መሬትም



ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ እንግዳ አንዱን ገበሬ «መሬትህ ስንት ነው?» ቢለው መልሱ በጥማድ ነው። «በሬህስ?» ቢለውም ያው ቃል ይመለሳል። ጥማድ ተጣምረው የሚያርሱት ሁለት በሬዎች ናቸው፤ በአንድ ቀን የሚያርሱትም መሬት ነው።

ሥሩ የግእዙ «ፀመደ» ነው፤ አጣመረ፣ አቆራኘ ማለት ነው። ጾም ጦም፣ ጸጉር ጠጉር እንደ ተባለ ይህም በአማርኛ «ጠመደ» ሆነ። ወጥመድ ከዚህ ወጣ። ሰው በሥራ ይጠመዳል፤ ቂም የያዘብንንም «ጠመደኝ» እንላለን። በገዳም ግን ተፀምዶ ለጸሎት መትጋት ነው። (ቀንበሩ የማያስገባው የለም!)

በዕብራይስጥም «ጼሜድ» ጥንድ በሬም የመሬት ልክም ነው፤ በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 5 የወይን ቦታ የተለካው በእርሱ ነው። ነገሩ ግን የሴማውያን ቋንቋዎች ጠባይ ብቻ አይደለም። ሮማውያን ቀንበርን «ዩጉም»፣ የመሬት ልካቸውን «ዩጌሩም» ይሉ ነበር፤ ፕሊኒ ይህን ልክ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው ሲል ፈትቶታል። ስፋቱ ሩብ ሄክታር ገደማ ነው። የእኛም ጥማድ በመሥሪያ ቤት ሒሳብ አራቱ አንድ ሄክታር ነው። መዋዋስ አይመስለኝም፤ ልኩን የወሰኑት የበሬ ጉልበትና የቀን ርዝመት ናቸው።

ይሁንና «ሩብ ሄክታር» የሚለው ፍቺ አያረካኝም። ጥማድ የሥራ ልክ ነው። ዋልካ አፈር በሬ ያደክማል፤ ተዳፋትና ድንጋያማ ማሳ ላይ ጥማዱ ይጠባል፣ ለስላሳ ሜዳ ላይ ይሰፋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የአንድን ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። ይህን በጥማድ አስቡት፦ 40 ጥማድ ነው፤ በአንድ ጥንድ በሬ አንድ ጊዜ ለመገልበጥ ብቻ 40 ቀን ይፈጃል። ጤፍ ደግሞ ደጋግሞ መታረስ ይፈልጋል።

አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው ከጎረቤቱ ጋር በመቀናጆ ያርሳል፤ አንድ ቀን ለእርሱ፣ አንድ ቀን ለባልንጀራው። እንዲህ ያለው ሰው አራት ጥማድ መሬት ይዞ «ጥማድ የለኝም» ቢል ቃሉ አይጋጭም። በመዝገብ ላይ ግን ባለ አንድ ሄክታር ተብሎ፣ ሁለት በሬ ካለው ጎረቤቱ እኩል ይቆጠራል። ስለዚህ ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ መረጃ ስትሰበስቡ ጥማዱን በአራት ከማካፈላችሁ በፊት የማሳውን አፈርና የበሬዎቹን ባለቤት ጠይቁ፤ መልሱንም እንደ ተነገራችሁ መዝግቡ።