ለስፖርት መኪና ትክክለኛውን ጎማ መምረጥ

ሸኽቦት ሲቲ አቅራቢያ በሚያልፈው የአቡዳቢ–አል ዓይን አውራ ጎዳና በአንዳንድ ክፍሎች በሰዓት እስከ 160 ኪሎ ሜትር ማሽከርከር ይፈቀዳል። በዚህ ፍጥነት፣ በተለይም በሙቀት ወራት፣ የጎማ ምርጫ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ለብርድ አገር የሚሠራ ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እንዳይደርቅ ላስቲኩ ለስላሳ ነው፤ በጋለ አስፋልት ላይ ግን ቶሎ ያልቃል፣ መኪናውም ፍሬን ሲያዝ ቶሎ አይቆምም። ከውጭ የገባ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው በጎማው ጎን ላይ የበረዶ ቅንጣት ያለበት የተራራ ምልክት መኖሩን ይመልከት።

«225/45 አር 17» በሚለው ጽሑፍ 225 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ 45 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ኃይል ለኋላ ጎማዎች በሚሰጥባቸው የስፖርት መኪኖች የኋላው ጎማ ብዙ ጊዜ ከፊተኛው ይሰፋል፤ ስለዚህ የፊቱንና የኋላውን ማለዋወጥ አይገባም። በፋብሪካው የተወሰነው መጠን በአብዛኛው በሾፌሩ በር ማቀፊያ ላይ ተለጥፎ ይገኛል።

የምርት ጊዜውም ይታያል፤ «2324» ማለት የ2024 ዓመት 23ኛ ሳምንት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው የትራፊክ ደንብ ጊዜው ባለፈ ጎማ ማሽከርከር 500 ድርሃም፣ 4 ነጥብና የ7 ቀን የመኪና እገታ ያስቀጣል።