የላፍቶ ጅብ

ወደ ላፍቶ ስትመለሱ ቢመሽባችሁ፣ ከትንሹ አቃቂ ወንዝ ገደል የጅብ ድምፅ ሰምታችሁ ይሆናል። «ጅብ ከተማ ገባ» ማለት ግን ታሪክን መገልበጥ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቈር ጅቡ ቀድሞ ነበረ፤ ወደ እርሱ የመጣችው ከተማይቱ ናት። የእርድ ትርፍራፊና የሞተ የጋማ ከብት በየሜዳው ሲጣል፣ ሌሊቱን እየዞረ የሚያጸዳ እርሱ ነበረ፤ ያውም ያለ ደመወዝ! አጥንቱን ሳይቀር ፈጭቶ ስለሚበላ እዳሪው እንደ ኖራ ይነጣል። መንጋውን የምትመራውም ሴቲቱ ናት።

ወንዙ በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ ተሠራው የአባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳል። ጅቡ ቀን የሚሸሸገው በዳርቻው ቍጥቋጦ ውስጥ ነው። ዛሬ ዳርቻው በቤት ተጣቧል፤ ውሃው በፍሳሽ ጠቍሯል። መውጫው በአጥር ሲዘጋበትም ሰውና አውሬ በአንዲት ጠባብ መንገድ ይገናኛሉ።