የጓሮ አፈር ለምን ጠቆረ?

በይፋግና በደቡብ ጎንደር መንደሮች ጓሮው ከራቀው ማሳ ይልቅ የሚለማው ለምን ይመስላችኋል? ጥራጊው፣ አመዱና የበረቱ ፍግ ለዘመናት እዚያው ስለሚደፋ ነው። ጫካው ሲመናመን ግን ፍጉ ኩበት ሆኖ ምድጃ ገባ። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ አብዛኛው ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ ማሳው ይራባል።

እ.ኤ.አ. በ1996 ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ባልደረቦቻቸው ከትግራይ ገበሬዎች ጋር ኮምፖስት መሥራት ጀመሩ። በብዙ ማሳዎች ምርቱ ከፋብሪካ ማዳበሪያው አላነሰም።

ኩበቱ ለእንጀራ መጋገሪያ ቢያስፈልግም ልጣጩ፣ የቡናው አተላና ደረቁ ቅጠል አለላችሁ። ከአፈርና ከጥቂት ፍግ ጋር ጉድጓድ ውስጥ አነባብሩት፤ እርጥበቱን ጠብቁ፣ አገላብጡት። ከጥቂት ወራት በኋላ ጠቁሮ አፈር አፈር ሲሸት ደርሷል። ያኔ ለጓሮው ብቻ ሳይሆን ለተራበው ማሳም አካፍሉት።