ስፍርና ሚዛን በሐረር

ሐረር ስትነሳ ጀጎልና ጅብ ይወራል። እኛ ዛሬ የምናወራው ስለ ልኳ ነው፤ ነገሩ የጀመረው ኬክ ጋግረን ድንጋይ ስላወጣን ነው።

ሐረር ቡናዋን ለባሕር ማዶ የምትሸጠው በፈረሱላ ነበር። ቃሉ በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ወደቦች የታወቀ የክብደት ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ አርተር ራምቦ ለባርዴ የንግድ ቤት ሊሠራ ሐረር ሲገባ፣ ቡናና ቆዳው በግመል ወደ ዘይላ ወርዶ ወደ ኤደን ይሻገር ነበር። ኤደን ያለው ነጋዴ ሐረር ላይ ማን እንደሰፈረ አያይም፤ የሚያምነው ሚዛኑን ብቻ ነው። ፈረሱላ ዛሬም በቡና ንግዳችን 17 ኪሎ ነው።

እህልና ዱቄት ግን በመንደር ገበያ በጣሳና በቁና ሲሰፈር ኖሯል። ሻጯ ቆልላ ትሰፍራለች፤ ገዢው ምራቂ ይጠይቃል። ክብደት ለእንግዳ፣ ስፍር ለሚተዋወቅ ሰው ነው።

ችግሩ ስፍሩን ወደ ምድጃ ስንወስደው ነው። 240 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ኩባያ ዱቄት በማንኪያ ላላ ተደርጎ ሲሞላ 120 ግራም ገደማ ነው፤ ከተጠቀጠቀ 150 ይደርሳል። በዚያው ኩባያ ስኳር 200 ግራም ያህል ይመዝናል። እኛ ሦስት ኩባያ ዱቄት ጠቅጥቀን ነበር፤ 90 ግራም ትርፍ! ኬኩ ቢደርቅ ምን ይገርማል?

ሚዛን ያላችሁ በግራም ጋግሩ። የሌላችሁ ዱቄቱን በማንኪያ እየጨመራችሁ አፉን በቢላ ላጩት። ምራቂውን ለገበያ ተዉት።