ቡታጅራ ላይ ቤት ለቤት የተቆጠረው ሕመም

የሚጥል በሽታ በኢትዮጵያ ገጠር ምን ያህል እንደተስፋፋ ከሆስፒታል መዝገብ ሊታወቅ አይችልም ነበር፤ ታማሚው ሆስፒታል አይደርስማ። ከአገሪቱ ቀደምት የነርቭ ሐኪሞች አንዱ የሆኑት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሁለተኛ አጋማሽ ከኢትዮጵያውያንና ከስዊድናውያን ባልደረቦቻቸው ጋር የነርቭ ሕመሞችን ጥናት ቡታጅራ አካባቢ፣ መስቃንና ማረቆ ውስጥ ቤት ለቤት አካሄዱ።

ውጤቱ በ1990 (እ.ኤ.አ.) ታተመ። ከ60,820 ነዋሪዎች መካከል 316ቱ የሚጥል በሽታ ነበረባቸው፤ ከሺህ ሰው 5.2 መሆኑ ነው። በዚያው ቆጠራ ከተገኙት የነርቭ ሕመሞች ሁሉ የሚበዛው ይኸው ነበር፤ ፖሊዮ ያስከተለው ሽባነት እንኳ ከሺህ 2.4 ላይ ነው የቆመው። ከታማሚዎቹ 8.5 በመቶ ያህሉ አካል ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ታይቷል። ምድጃው ወለል ላይ በሆነበት ቤት ሕመሙ እሳት ዳር ከጣለ የሚሆነው ይህ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ቁጥር ነው፦ የታወቀ ፀረ-የሚጥል መድኃኒት ወስደው የሚያውቁት 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከ316ቱ አምስት ሰው ያህል ማለት ነው። ከቀሩት ብዙዎቹ የባህል መድኃኒት፣ ጠበልና ክታብ ይዘዋል። ይህን በእምነት ብቻ ማሳበብ ግፍ ይመስለኛል። ሐኪምና መድኃኒት በአቅራቢያው የሌለው ገበሬ ያገኘውን ነው የሚሞክረው። በእርግጥ ፍርሃቱም ነበር፤ ቡድኑ ስለ ኅብረተሰቡ አመለካከት ለብቻው ባደረገው ጥናት ሕመሙን ከክፉ መንፈስ ጋር ማያያዝና ይጋባል ብሎ መሸሽ ተመዝግቧል።

ረዳ አንዴ ቆጥረው አልተዉትም። በ1997 (እ.ኤ.አ.) የታተመው ተከታይ ጥናት በዚያው ሕዝብ መካከል በየዓመቱ ከ100,000 ሰው 64ቱ አዲስ እንደሚያዙ አሳየ።

የቡታጅራው ቆጠራ ዋጋው፣ በእኔ ግምት፣ ሕመምተኛው ባለበት ተገኝቶ መታየቱ ላይ ነው። ለተገኙት ሁሉ የሚበቃ ሐኪም ግን አልነበረም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊስቶች ሥልጠና የተጀመረው በ2006 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ የመጀመሪያው ቆጠራ ከታተመ ከ16 ዓመት በኋላ።