የቼ ጉቬራ ጓደኛና ያቺ አሮጌ ሞተር ብስክሌት

ቼ ጉቬራን በምስሉ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ቲሸርት ላይ አለ፣ ባጃጅ ላይ አለ፣ የሚኒባስ የኋላ መስታወት ላይ አለ። የ60ዎቹ ተማሪዎቻችን በመዝሙራቸው ስሙን ከሆ ቺ ሚን ጋር አጣምረው ይጠሩት ነበር። አልቤርቶ ግራናዶ የሚባል ስም ግን እምብዛም ሲነሳ አልሰማም። ወጣቶቹ እ.ኤ.አ. በ1952 ደቡብ አሜሪካን ሲያቋርጡ ሞተር ብስክሌቷ የአልቤርቶ ነበረች፤ ዕድሜም፣ ሙያም የነበረው እሱ ነው። ሌላው ገና የሕክምና ትምህርቱን ያልጨረሰ፣ አስም የሚያሰቃየው፣ ገላውን መታጠብ ስለማይወድ ጓደኞቹ «አሳማው» የሚሉት የ23 ዓመት ልጅ ነበር።

እናላችሁ፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጉዞው ነው። ሁለቱም የየራሳቸውን ማስታወሻ ትተዋል፤ ስለዚህ አንዱን በሌላው ማመሳከር ይቻላል። ከኔ ጋር የተማራችሁ ታስታውሳላችሁ፣ ምስክር ሁለት ሲሆን ደስ ይለኛል።

ትውውቃቸው የጀመረው በአርጀንቲናዋ ኮርዶባ ከተማ ነው። ኤርኔስቶ የአልቤርቶ ታናሽ ወንድም የትምህርት ቤት ጓደኛ ነበር። አልቤርቶ የራግቢ ቡድን ያሠለጥናል። ያ በአስም ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ የሚል ልጅ መጥቶ ልጫወት ሲለው፣ የመጥረጊያ እንጨት በሁለት ወንበሮች ላይ አጋድሞ በዚያ ላይ ዘሎ በትከሻው እንዲወድቅ ነገረው። ልጁ ዘለለ፣ ወደቀ፣ ተነሳ፣ ደግሞ ዘለለ። በቃህ እስኪሉት አላቆመም። ቡድኑ ውስጥ ገባ።

የጉዞው ሐሳብ የመጣው በጥቅምት 1951 አልቤርቶ ቤት፣ የወይን ሐረግ ሥር ተቀምጠው ማቴ የሚባለውን የአገራቸውን ሻይ ሲጠጡ ነው። አልቤርቶ 29 ዓመቱ ነው፤ ባዮኬሚስት ነው፤ በሥጋ ደዌ ሆስፒታል ሠርቷል። ወሬያቸው ከአገር አገር ሲዘል ሰሜን አሜሪካ ደረሰ፤ በምን እንሂድ ሲባል ጥግ ላይ የቆመችው ሞተር ታየች። 500 ሲሲ ኖርተን፣ የ1939 ስሪት። ስሟ «ላ ፖዴሮሳ ሁለተኛ»፣ በኛ አነጋገር «ኃያሏ ዳግማዊት» እንበላት። የመጀመሪያዋ ኃያል ብስክሌት ነበረች፤ ሥርወ መንግሥቱ የሚጀምረው ከፔዳል ነው ማለት ነው።

ጃንዋሪ 4 ቀን 1952 ከቦነስ አይረስ ተነሱ። ኤርኔስቶ ለፍቅረኛው የሚሰጠው ቡችላ ይዟል፤ ስሙን በእንግሊዝኛ «ከምባክ» ብሎታል፣ እመለሳለሁ ለማለት። ልጅቷ የሀብታም ቤተሰብ ልጅ ናት፤ እሷም ከአሜሪካ ልብስ ገዝቶ እንዲያመጣላት 15 ዶላር ሰጠችው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ባሪሎቼ ሲደርሱ ደብዳቤ ጠበቀው፤ በቃኝ የሚል። ዶላሩ ኪሱ ውስጥ፣ ቡችላው እሷ ጋ።

ኃያሏ ስሟን አላከበረችም። ጭነቱ ከኋላ ስለበዛባት ፊቷን እያነሳች አሸዋና ኮረት ላይ ትጥላቸዋለች። ይነሳሉ፣ አቧራቸውን ያራግፋሉ፣ ይወጣሉ፣ ደግሞ ይወድቃሉ። ብሎን ሲጠፋ በሽቦ ያስሯታል፣ ሽቦው ሲበጠስ በሌላ ሽቦ።

በዚህ ሁሉ መሃል የሠሩት ሥራ ቅዱስ አያሰኝም። ሳን ማርቲን ዴ ሎስ አንዴስ አካባቢ ለመኪና እሽቅድምድም እንግዶች ጥብስ ሲዘጋጅ ረዳት ሆነው ገቡ። ኤርኔስቶ የሰከረ መስሎ፣ ሊያስመልሰው እንደሆነ እያስመሰለ፣ ጃኬቱ ሥር የወይን ጠርሙስ ሸጉጦ ወደ ወንዙ ይመላለሳል። እየወሰደ ውሃው ውስጥ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ደበቀ። ድግሱ ሲያልቅ ሊያነሱ ሄዱ፤ አንድም ጠርሙስ የለም። ሌላ ሰው ሲመላለስ አይቶት ኖሯል። የሰረቁትን ተሰረቁ!

የውሻው ታሪክ ደግሞ አያስቅም። አንድ ቤት በእንግድነት አድረው ሳለ ፑማ የሚባለው የዚያ አገር አውሬ በአካባቢው እንዳለ ተነግሯቸዋል። ሌሊት በሩ ተቧጨረ፣ ሁለት የሚያበሩ ዓይኖች ታዩ፤ ኤርኔስቶ ሽጉጡን አንስቶ ተኮሰ። የአሳዳሪዎቻቸው ውሻ ነበር። የመሸበት እንግዳ ብለው ያስጠጓቸው ሰዎች ናቸው እንግዲህ። ይህንንም ራሱ ጽፎታል፤ ለዚህ አከብረዋለሁ። ገድል ጸሐፊዎቹ ናቸው የሚዘሉት።

ቺሊ ሲገቡ ዕድል ፊቷን መለሰችላቸው። ተሙኮ ከተማ ላይ ዲያሪዮ አውስትራል የተባለው ጋዜጣ ቃለ መጠይቅ አደረገላቸውና ሁለቱን የሥጋ ደዌ ጠበብት ብሎ አተማቸው። ለአልቤርቶ በከፊል እውነት ነው። ለሌላው ግን... ዲግሪውን እንኳ አልያዘም። ሕዝቡ ግን ጋዜጣ አንባቢ ነው፤ መካኒኩ ያለ ክፍያ ይጠግንላቸዋል፣ ምግብ ይቀርባል፣ መኝታ ይሰጣል። የጋዜጣዋን ቁራጭ እንደ መታወቂያ ተጠቀሙባት።

ይህ ክብር ላውታሮ በምትባል ትንሽ ከተማ በአንድ ሌሊት ፈረሰ። ሞተሯን የጠገነላቸው ጋራዥ ሰዎች ጭፈራ ቤት ጋበዟቸው። ወይኑ በዛ፤ ኤርኔስቶ ከአንዱ መካኒክ ሚስት ጋር ሲጨፍር እጇን ይዞ ወደ ውጭ ሊያወጣት ሞከረ፤ ሴትየዋ እንቢ አለች፣ ጩኸት ሆነ፣ ባልየው ጠርሙስ ይዞ ተከተለ። ሁለቱ «ጠበብት» በሩጫ አመለጡ። በኋላ ቁልቁለት ላይ ፍሬኗ እምቢ ብላ ከላሞች መንጋ ጋር ተፋጠጡ፤ ለጥቂት ተረፉ።

ኃያሏ ያበቃላት ሎስ አንኸለስ በተባለችው የቺሊ ከተማ ነው (የአሜሪካዋ አይደለችም)። ያረፉት እሳት አደጋ ጣቢያ ነው፤ ሌሊት ደወል ተደውሎ አብረው ወጡና አልቤርቶ ከሚነድ ቤት አንዲት ድመት አወጣ። ሞተሯን ግን ማንም ሊያወጣት አልቻለም። በጭነት መኪና ሳንቲያጎ ድረስ ተወስዳ እዚያ ተተወች።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። የኔ ግምት ይህ ነው፤ የጉዞው ትልቁ ዕድል የሞተሯ መሞት ነበር። ኖርተን ላይ ተቀምጠው ሲመጡ የመካከለኛ መደብ ልጆች፣ የሽርሽር ሰዎች ነበሩ፤ መንገደኛው ቆሞ የሚያያቸው። ሞተሯ ስትቀር እግረኛ ሆኑ፤ ጭነት መኪና ላይ፣ ጆንያ ላይ፣ ከከብት ጋር፣ ከቀን ሠራተኛና ከገበሬ ጎን ተጫኑ። እስከዚያ ድረስ ሕዝቡን በፍጥነት ያልፉት ነበር። አሁን ጎኑ ተቀምጠው ወሬውን ይሰማሉ፣ ከስንቁ ይቀምሳሉ። ያን ጊዜ ነው የማስታወሻው ድምፅ የሚለወጠው። ቀልዱ አይጠፋም፤ ግን ሌላ ነገር ይጨመርበታል።

ቫልፓራይሶ ላይ ኤርኔስቶ አንዲት አስም ያለባት አሮጊት ሴት እንዲያይ ተጠራ። ልቧም ታምሟል። ዕድሜዋን በአሳላፊነት ሠርታ መሥራት ስታቅታት ለቤተሰቧ ሸክም ሆናለች። እሱ የነበረው ለራሱ የያዘው ጥቂት ክኒንና ምክር ብቻ ነበር። ስለ እሷ የጻፈውን ሳነብ ሁልጊዜ አቆማለሁ። አስም የሚያውቅ ሰው ነው ያየው።

ከዚያ ወደ ሰሜን ለመሄድ ሳን አንቶኒዮ በምትባል መርከብ ላይ ተደብቀው ወጡ። የተደበቁት የት መሰላችሁ? መጸዳጃ ቤት። ሰው ሲያንኳኳ አንዱ «ተይዟል» ይላል። ሽታውን መቋቋም ሲያቅታቸው ራሳቸው ወደ ካፒቴኑ ሄደው እጅ ሰጡ፤ ኤርኔስቶ ያንኑ መጸዳጃ እንዲያጸዳ፣ አልቤርቶ ድንች እንዲልጥ ተፈረደ። ማታ ላይ ግን ካፒቴኑ ጠርቷቸው አብረው ካርታ ይጫወታሉ። አንቶፋጋስታ ላይ በሌላ መርከብ ደገሙት፤ ጭነቱ ሐብሐብ የመሰለ ፍሬ ነው፣ በሸራ ሥር ተደብቀው እየበሉ ልጣጩን ወደ ባሕር ይወረውራሉ። ባሕሩ ላይ የልጣጭ ሰልፍ ሲንሳፈፍ ማን አያይም? ተያዙ። ባይያዙ ኖሮ በረሃውን በባሕር ዞረው ያልፉት ነበር።

እና በረሃ ገቡ። ወደ ቹኪካማታ የመዳብ ማዕድን ሲሄዱ ባኬዳኖ በምትባል ቦታ ሌሊቱን ከአንድ ባልና ሚስት ጋር አደሩ። ሰውየው ኮሚኒስት ነው፤ በዚያን ጊዜ ቺሊ ውስጥ ፓርቲው ታግዷል፣ እሱም ሦስት ወር ታስሮ ወጥቷል። ልጆቻቸውን ጎረቤት ጋ ትተው፣ ማንም ስለ አቋምህ ወደማይጠይቅበት የድኝ ማዕድን ሥራ ፍለጋ ይሄዳሉ። ሥራው ያን ያህል ክፉ ስለሆነ ነው የማይጠየቀው። ባልና ሚስቱ ብርድ ልብስ አልነበራቸውም። ሁለቱ ጓደኛሞች አንዱን ሰጥተው በቀረው ተጠቅልለው አደሩ። በ2004 የወጣው የዋልተር ሳሌስ ፊልም ያንን 15 ዶላርም ለእነሱ ያሰጣል። ማስታወሻው ላይ ያለው ብርድ ልብሱ ነው፤ እኔም ብርድ ልብሱን እመርጣለሁ። በማግስቱ የአሜሪካ ኩባንያ የያዘውን ያንን ግዙፍ ጉድጓድ አዩ።

ገንዘብ ሲያልቅ አንድ ዘዴ ነበረቻቸው። ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ ሄደው በአርጀንቲና አነጋገር ጮክ ብለው ያወራሉ። ሰው ከየት ናችሁ ሲላቸው፣ አንዱ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው ይላል፤ ሌላው በሐዘን ተንፍሶ ልክ ዓመታችን ነው ይላል። ዓመታቸውን ማክበሪያ የላቸውማ! ጋባዥ መጠጥ ያዛል። ኤርኔስቶ ትንሽ ይቀምስና ያስቀምጣል፤ በአገራችን ሳይበሉ መጠጣት ነውር ነው ይላል። ምግብ ይመጣል። ያ «ዓመት» ስንት ጊዜ እንደተከበረ እግዜር ይወቀው።

ፔሩ ውስጥ ኩስኮንና ማቹ ፒቹን አዩ፤ እዚያም ኳስ ተጫውተው በችሎታቸው የሆቴል ማረፊያ በነፃ አገኙ። ሊማ ላይ ዶክተር ሁጎ ፔሴ የተባሉ የሥጋ ደዌ ሐኪምና ማርክሲስት ተቀበሏቸው፣ አበሏቸው፣ አለበሷቸው፣ ወደ አማዞን የሚሄዱበትን መንገድም አመቻቹላቸው። በር ከፋቹ የአልቤርቶ ሙያ ነበር። ታዲያ ሲሰነባበቱ ዶክተሩ ስለ ጻፉት መጽሐፍ አስተያየት ቢጠይቁ ኤርኔስቶ መጥፎ ነው ብሎ እቅጩን ነገራቸው። አልቤርቶ በንዴት ሊሞት። እንጀራቸውን በልቶ!

ሳን ፓብሎ አማዞን ዳር ያለ የሥጋ ደዌ ታማሚዎች መንደር ነው። ዘነበ ወርቅን የምታውቁ ሥጋ ደዌ ሰውን እንዴት ከሰው እንደሚለይ አይጠፋችሁም። ሁለቱ ያለ ጓንት ጨበጧቸው፣ አብረዋቸው ኳስ ተጫወቱ። ጁን 14 የኤርኔስቶ 24ኛ ልደት ተከበረ። ሲሄዱም ታንኳ መሳይ የእንጨት መንሳፈፊያ ተሠርቶላቸው «ማምቦ ታንጎ» ተብሎ ተሰየመ። ሌቲሲያ በምትባለው የኮሎምቢያ ወደብ ሊወርዱ ነበር፤ እንቅልፍ ወስዷቸው ወንዙ አሳለፋቸውና ብራዚል ላይ ነቁ። መንሳፈፊያዋን ሰጥተው በሰው ጀልባ ተመለሱ። ሌቲሲያ ውስጥ የእግር ኳስ አሠልጣኞች ሆኑ፤ ኤርኔስቶ በረኛ ሆኖ ፍጹም ቅጣት ምት አዳነ። የአውሮፕላን ትኬቱ ከዚያ መጣ።

ቦጎታ ከፖሊስ ጋር ተጣሉ፤ ተማሪዎች ገንዘብ አዋጥተው ከከተማ አስወጧቸው። ሐምሌ ላይ ካራካስ ተለያዩ። አልቤርቶ በሥጋ ደዌ ሆስፒታል ሥራ አግኝቶ ቀረ። ኤርኔስቶ ፈረስ በጫነ አውሮፕላን ማያሚ ሄደ፤ አውሮፕላኑ ተበላሽቶ ለአጭር ጊዜ ያሰበው ቆይታ ወደ አንድ ወር ተጠጋ። ቃሉ ግን ትምህርቱን ጨርሶ ካራካስ ሊመለስ ነበር። በ1953 ተመረቀ፣ ወደ ጓደኛው ጉዞ ጀመረ፣ መሃል ላይ ሐሳቡን ቀይሮ ጓቲማላ ገባ። ከዚያ ሜክሲኮ፣ ፊደል ካስትሮ፣ ኩባ። የቀረውን ታውቁታላችሁ።

የቀረውን ስታውቁ ግን ሙሉውን ነው። አንዱን ብርድ ልብስ ለማያውቃቸው ሰዎች የሰጠው ልጅ፣ በ1959 ላ ካባኛ ምሽግ ውስጥ የሞት ፍርድ የሚያጸድቅ አዛዥ ነበር። ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው። እኛም ለድሃ ያለቀሱ ልጆች ሽጉጥ ሲያነሱ፣ እርስ በርስም ሲተላለቁ ያየን ሰዎች ስለሆንን ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ማስታወሻውን እንደ ገድል የሚያነበውም፣ የወንጀለኛ ማኅደር አድርጎ የሚያነበውም አንድ ገጽ እየዘለለ ነው።

ግራናዶ ጠመንጃ አላነሳም። በ1961 ቤተሰቡን ይዞ ኩባ ገባ፣ በሳንቲያጎ ዴ ኩባ የሕክምና ትምህርት ቤት ካቋቋሙት አንዱ ሆነ፣ አስተማረ። ጓደኛው በጥቅምት 1967 ቦሊቪያ ውስጥ ሲገደል እሱ ኩባ ነበር። ፊልሙ ሲሠራ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖት ከቀራጮቹ ጋር አብሮ ተጓዘ። ማርች 5 ቀን 2011 ሃቫና ውስጥ በ88 ዓመቱ አረፈ።

ከኢትዮጵያ ወደ ኩባ ሄደው የተማሩ በሺዎች ናቸው፤ ከናንተም መሃል እንዳላችሁ አውቃለሁ። ግራናዶን በአካል ያየ፣ ወይም ያስተማረው ካለ ከታች ይጻፍልኝ። በተለይ ስለ ወይን ጠርሙሶቹ ሲነሳበት ይስቅ ይሆን?